ሜዲኬይድ፦ «ስንት ስሠራ ነው የሚቆረጥብኝ?»

«ስንት ስትሠራ ነው ሜዲኬይድ የሚቆረጥብህ?» አሜሪካ ውስጥ ቡና ላይ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት ስለሚከፍለው ስለዚህ የሕክምና ሽፋን ጥያቄ ሲነሣ አንዱ «በወር ከ1,800 ዶላር ካለፍክ አለቀልህ» ይላል። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ኧረ እኛ ሜሪላንድ በወር 6,000 እያገባን ልጆቻችን አላቸው» ትላለች። ዳላስ ያለው የአጎት ልጅ ደግሞ በስልክ «እኔ ሥራ ፈትቼ እንኳን ከልክለውኛል» ብሎ ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ሰው አንዳቸው የተሳሳቱ ይመስለዋል። ሦስቱም ግን ልክ ናቸው።

ልክ የሆኑበት ምክንያት «የሜዲኬይድ የገቢ ጣሪያ» የሚባል አንድ ቁጥር ስለሌለ ነው። የሚኖሩበት ስቴት፣ የሚገቡበት ምድብ (ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ ጎልማሳ፣ አረጋዊ)፣ በታክስ የሚቆጠረው የቤተሰብ ብዛትና የኢሚግሬሽን ወረቀት እያንዳንዳቸው ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከደሞዙ ነው፤ እኔ ግን ደሞዝ መጨረሻ ላይ ቢጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። በደሞዙ ብቻ ራሱን «አይመለከተኝም» ብሎ ሳያመለክት የቀረው ሰው ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ሜዲኬይድና ሜዲኬር በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት አንድ ሕግ የተወለዱ መንትዮች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላው ሰው የቆመ፣ ሠርቶ ታክስ ከከፈለበት ታሪክ ጋር የተያያዘ የፌደራል ኢንሹራንስ ነው፤ ሀብታምም ይገባበታል። ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት ሐኪሙን የሚከፍልበት ፕሮግራም ነው። ገንዘቡን የፌደራል መንግሥትና ስቴቱ ይጋሩታል። የፌደራሉ ድርሻ ከግማሽ አያንስም፤ ደሀ በሆኑት ስቴቶች ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስቴቱ ከኪሱ ስለሚያወጣ በደንቡም ላይ ቃል አለው፤ የልዩነቱ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። ስሙ እንኳን አንድ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ «ሜዲ-ካል»፣ ዋሽንግተን ስቴት «አፕል ሄልዝ»፣ ቨርጂኒያ «ካርዲናል ኬር»፣ ሚኒሶታ «ሜዲካል አሲስታንስ» ይሉታል። ካርዱ ላይ የግል ኢንሹራንስ ድርጅት ስም ታትሞ አይተው «የእኔ ሜዲኬይድ አይደለም» የሚሉም አሉ። ስቴቱ አገልግሎቱን በእነዚያ ድርጅቶች በኩል ስለሚሰጥ ነው እንጂ ካርዱ ያው ሜዲኬይድ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የፌደራል መንግሥት በየዓመቱ ጃኑዋሪ ላይ «የድህነት ወለል» የሚባል መጠን ያወጣል። በ2025 ለአንድ ሰው በዓመት 15,650 ዶላር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የቤተሰብ አባል 5,500 ይደመርበታል። አራት ሰው ያለበት ቤት 32,150 ይሆናል ማለት ነው። (አላስካና ሃዋይ የራሳቸው ከፍ ያለ ቁጥር አላቸው።) ሜዲኬይድ ይህን ወለል በቀጥታ አይጠቀምም፤ «የወለሉ ይህን ያህል በመቶ» እያለ ይለካበታል። ዕድሜው ከ19 እስከ 64 ለሆነ ጎልማሳ የታወቀው ቁጥር 138 በመቶ ነው። ሕጉ ላይ የተጻፈው 133 ነው፤ 5 በመቶ ደግሞ እንደ ይቅርታ ይታለፋል። በ2025 ስሌት ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 21,597 ዶላር፣ በወር 1,800 ገደማ ይመጣል። ቡናው ላይ የተነገረው 1,800 ከዚህ የመጣ ነው። ለሦስት ሰው በወር 3,065፣ ለአራት ሰው ደግሞ 3,698 ዶላር ገደማ ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ስለሚል ባለፈው ዓመት በትንሽ ዶላር አልፈው የተመለሱ ሰዎች በአዲሱ ዓመት እንደገና ቢሞክሩ አይጎዱም።

ታዲያ የዳላሱ ልጅ ምን አጠፋ? ምንም። በ2010 የወጣው፣ በተለምዶ «ኦባማኬር» የምንለው ሕግ ስቴቶች ሁሉ ጎልማሳውን እስከ 138 በመቶ እንዲያስገቡ ያዝዝ ነበር። በ2012 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ትእዛዙን ወደ ምርጫ ለወጠው። አርባ ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ በየጊዜው ተቀበሉት፤ ሜሪላንድ ወዲያው በ2014፣ ቨርጂኒያ ብዙ ከተከራከረች በኋላ በ2019። አልቀበልም ያሉት ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ቴኔሲ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ካንሳስ፣ ዋዮሚንግና ዊስኮንሲን ናቸው። ዊስኮንሲን ሕጉን ባትቀበልም ጎልማሳውን እስከ ወለሉ 100 በመቶ ድረስ ታስገባለች። ጆርጂያም ከጁላይ 2023 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መማራቸውን ለሚያሳዩና ገቢያቸው ከወለሉ ለማያልፍ በር ከፍታለች። ቴክሳስ ውስጥ ግን ልጅ የሌለው፣ አካል ጉዳት የሌለበት ጎልማሳ ገቢው ዜሮ ቢሆን እንኳን አይገባም። ልጅ የሚያሳድግ ወላጅም የሚገባው ገቢው ከድህነት ወለሉ አንድ አምስተኛ እንኳን የማይሞላ ከሆነ ብቻ ነው። ሥራ የያዘ ወላጅ በተግባር አይገባም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከፋው ከታች ያለው ጉድጓድ ነው። ማርኬትፕሌስ በሚባለው፣ በኦባማኬር በተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ ለሚገዛ ኢንሹራንስ የሚሰጠው የታክስ ድጎማ የሚጀምረው ከወለሉ 100 በመቶ ነው። ሕጉ ሲረቀቅ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሜዲኬይድ ያገኛል ተብሎ ነበር የታሰበው። ስለዚህ ዳላስ ውስጥ በዓመት 12,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ለሜዲኬይድ «በዛ»፣ ለድጎማ ደግሞ «አነሰ» ይባላል። 17,000 የሚያገኘው ጎረቤቱ ግን በድጎማ ኢንሹራንስ ይገዛል። ደሀ ስለሆኑ ከድጎማ መገለል የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው።

ልጆች ላይ ሲመጣ ጨዋታው ይቀየራል። በ1997 የተቋቋመው «ቺፕ» የተባለ የሕፃናት ፕሮግራም ከሜዲኬይድ ጋር ተደርቦ ስለሚሠራ የልጆች ጣሪያ ከወላጆቹ በጣም ከፍ ይላል። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 322 በመቶ ይደርሳል፤ በ2025 ስሌት አራት ሰው ላለበት ቤት በዓመት ከ103,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። በወር 6,000 የምታገባዋ እህት ልጆች ካርድ የያዙት በዚህ ነው። ቨርጂኒያ 205 በመቶ ነው፤ ለአራት ሰው በወር 5,490 ገደማ። ጎልማሳውን አላስገባም ያለችው ቴክሳስ እንኳን ልጆችን ከወለሉ ሁለት እጥፍ በላይ ድረስ ትቀበላለች። ስለዚህ እናትና አባት የግል ኢንሹራንስ ይዘው ወይም ምንም ሳይኖራቸው ልጆቹ መንግሥት ላይ መሆናቸው የተለመደ ነው፤ ማጭበርበር አይደለም። ልጅ አንዴ ከገባ ደግሞ ከጃኑዋሪ 2024 ጀምሮ በሁሉም ስቴት ለ12 ወር ይጸናል፤ በመሀል የአባት ደሞዝ ቢጨምር አይቆረጥበትም።

ነፍሰ ጡርም የራሷ ምድብ አላት። ጣሪያዋ በየትኛውም ስቴት ከ138 በመቶ አያንስም፤ በብዙዎቹ 200 አካባቢ፣ ሜሪላንድ ላይ 264 ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ያልተወለደው ልጅ ለእሷ ማመልከቻ ሲሰላ እንደ ቤተሰብ አባል መቆጠሩ ነው። ባልና ሚስት ብቻ ያሉበት ቤት ሦስት ሰው ይሆናል፤ መንታ ከያዘች አራት። ይህን ሳይጽፉ ያመለከቱ ሰዎች ካለቦታው ተመልሰዋል። ከወለደች በኋላም አብዛኞቹ ስቴቶች ለ12 ወር ይቀጥሉላታል።

ስለ ቤተሰብ ብዛት ካነሣን፣ እኛ «ቤተሰብ» የምንለውና ሜዲኬይድ «ቤተሰብ» የሚለው አይገናኙም። ሜዲኬይድ የሚያየው በአብዛኛው የታክስ ፎርሙን ነው። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ታክስ ለየብቻ ቢያሠሩም አንድ ላይ ይቆጠራሉ። አንድ አፓርታማ ተጋርተው የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ናቸው፤ የአንዱ ገቢ ሌላውን አይነካም። አዲስ አበባ ያለች እናት በየወሩ የቤት ኪራይዋን እርስዎ ቢከፍሉላትም አትቆጠርም። የታክስ ሕጉ በጥገኝነት ለማስመዝገብ ዜጋ፣ እዚህ ነዋሪ ወይም የካናዳና የሜክሲኮ ነዋሪ መሆንን ስለሚጠይቅ ነው። እናትዎ መጥተው እርስዎ ጋ ከኖሩና በታክስዎ ላይ ካስመዘገቧቸው ግን የእርስዎን ቤት በአንድ ሰው ያሳድጉታል። የራሳቸው ማመልከቻ በሌላ ስሌት ስለሚታይ የእርስዎ ደሞዝ እንደ ቤተሰብ ገቢ አይጫንባቸውም፤ ስፖንሰርነትን በተመለከተ ያለውን ጣጣ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ገቢ ሲቆጠር የሚታየው በፎርሞቹ ላይ «ማጂ» የሚባለው ነው። በቀላሉ፣ ለታክስ የሚቆጠረው ገቢ ላይ ጥቂት ማስተካከያ ተደርጎበት የሚገኝ ቁጥር ነው። ደሞዝ፣ ቲፕ፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ፣ የኪራይ ገቢ ይቆጠራሉ። ለልጅ ማሳደጊያ ከቀድሞ ባል የሚላክ ገንዘብ፣ ስጦታ፣ ብድር፣ ኤስ-ኤስ-አይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚከፈል የፌደራል ድጎማ)፣ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሳ አይቆጠሩም። ከቼክዎ ላይ ታክስ ሳይነካው ለጡረታ ቁጠባ ወይም ለኢንሹራንስ የሚቆረጠውም ይቀነስልዎታል። ስለዚህ ደብሊው-ቱ (አሠሪ በየዓመቱ የሚልከው የደሞዝ ወረቀት) ያለው ሰው መመልከት ያለበት ከነዚህ ቅነሳዎች በኋላ ያለውን እንጂ ጠቅላላውን ክፍያ አይደለም። በጣም የሚያናድደው ሀገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው፤ አንድ ዶላር አይቀነስም። ከደሞዝዎ ግማሹን ለወንድምና ለእህት ትምህርት ቢልኩም በሜዲኬይድ ዓይን ሙሉውን በልተውታል። (ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ሲልኩ 1 በመቶ ታክስ ተጨምሯል።)

እቁብ ሲወጣ የሚደነግጡም አሉ። እቁብ ገቢ አይደለም፤ የራስዎ ብር ተሰብስቦ የመጣ ነው። ከ65 ዓመት በታች ላለ ሰው ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ለአረጋውያን ግን ይለያል፤ እንመለስበታለን።

በኛ ሰው ላይ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በታክሲና በኡበር ሥራ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቨርጂኒያ የሚኖር ሾፌር አለ እንበል፤ ባለቤቱ ሕፃን ስለያዘች አትሠራም፣ በድምሩ ሦስት ናቸው። በ2025 ከድርጅቱ የተላከለት 1099 ፎርም (ለራሱ ለሚሠራ ሰው የሚላክ የገቢ ወረቀት) 52,000 ዶላር ይላል። የሦስት ሰው ጣሪያ 36,777 ስለሆነ «እኛን አይመለከተንም» ብለው ማመልከቻውን ተዉት። ነገር ግን የራስ ሥራ የሚለካው በተጣራው ነው። በዓመቱ ለሥራ 30,000 ማይል ነድቷል፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ለ2025 የፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ነው፤ 21,000 ዶላር ይቀነሳል። ቀረ 31,000። ከዚህ ላይ የራስ ሥራ ታክሱ ግማሽ፣ 2,190 ገደማ ይወጣል። 28,810፤ በወር 2,400 አካባቢ። ጣሪያው 3,065 ነበር። ሰውዬው፣ ሚስቱና ልጁ ሙሉ በሙሉ ይገባሉ። ማይል ያልመዘገበ ሾፌር ታክስ ላይ ብቻ ሳይሆን ሐኪም ቤትም ይከስራል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሜዲኬይድ አዲስ አመልካችን የሚያየው በአሁኑ ወር ገቢው ነው፤ የማርኬትፕሌስ ድጎማ ግን ዓመቱን በሙሉ ይደምራል። እስከ ሴፕቴምበር ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ ኦክቶበር ላይ ከሥራ የተቀነሰ ሰው የዓመት ገቢው ከፍ ያለ ቢሆንም በኦክቶበር ሜዲኬይድ ሊገባ ይችላል። ሜዲኬይድ የምዝገባ ወቅት የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

አሁን ወረቀቱ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም የሚፈራውም እዚህ ነው።

በ1996 የወጣ የፌደራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ካገኘ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሜዲኬይድ አይገባም ይላል። በዲቪ የመጣ ሰው ገቢው ዜሮ ቢሆን እንኳን ይህ ይመለከተዋል። በዜግነት የተጠሩ እናትና አባትም እንዲሁ። ሆኖም ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን በተመለከተ ስቴቶች አምስት ዓመቱን እንዲተዉ ከ2009 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ስቴት ከተዉት መሀል ናቸው። ስለዚህ ባለፈው ወር በዲቪ የገባ ቤተሰብ አባትና እናቱ ባይገቡም ልጆቹ ወዲያው ሊገቡ ይችላሉ። አባትና እናት በአምስቱ ዓመት ውስጥ ያላቸው መንገድ የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ወይም ማርኬትፕሌስ ነው። ለማርኬትፕሌስ አምስት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከ2026 ጀምሮ ግን ገቢያቸው ከድህነት ወለሉ በታች ለሆነ ስደተኞች ሲሰጥ የነበረው ልዩ ድጎማ ቀርቷል።

ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 2021 ሌላ መሰናክልም ነበረ፤ አምስት ዓመቱ ካለፈ በኋላም ግሪን ካርድ ያለው ሰው 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም አሥር ዓመት ገደማ መሥራቱን እንዲያሳይ ይጠየቅ ነበር። ያ ተነሥቷል። ያኔ ተከልክለው የተመለሱ አረጋውያን ዛሬም «እኛ አይፈቀድልንም» ሲሉ ይሰማል፤ ደንቡ መቀየሩን የነገራቸው የለም።

በስደተኝነት (ረፊውጂ) የመጣና ጥገኝነት (አሳይለም) የተፈቀደለት ሰው ለዓመታት ያለ ምንም መጠበቂያ ይገባ ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ይህን ለወጠው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በፌደራል ገንዘብ ሙሉ ሜዲኬይድ የሚያገኙት ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ከኩባና ከሄይቲ የመጡ የተወሰኑ ሰዎችና ከአንዳንድ የፓስፊክ ደሴቶች የመጡ፣ እንዲሁም ስቴታቸው ከፈቀደ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ብቻ ናቸው። ለሌላው ጎልማሳ ረፊውጂ ወይም አሳይለም የሚለው ወረቀት ብቻውን አይበቃም። መውጫው ግሪን ካርዱ ነው። ረፊውጂ ከገባ ዓመት ሲሞላው፣ አሳይሊ (አሳይለም ያገኘ ሰው) ከተፈቀደለት ዓመት ሲሞላው በአይ-485 ፎርም ማመልከት ይችላል። በዚህ መንገድ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ደግሞ አምስት ዓመቱን አይጠብቅም። «ግሪን ካርዱን በኋላ አስገባዋለሁ» እያለ ሦስት አራት ዓመት ያቆየ ሰው ካለ አሁን ከሐኪም ቤት ካርዱ ጋር ተያይዟል።

የአሳይለም ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለና በጊዜያዊ ጥበቃ (ቲፒኤስ) ያለ ጎልማሳ ቀድሞም ሙሉ ሜዲኬይድ አልነበረውም። ነገር ግን የአደጋ ጊዜ ሜዲኬይድ የሚባል አለ። በገቢና በምድብ የሚያሟላ ሆኖ በወረቀቱ ብቻ የተከለከለ ሰው ሕይወት አስጊ ድንገተኛ ሕመም ወይም ምጥ ሲገጥመው ሆስፒታሉን ይከፍልለታል። ለእርግዝና ክትትል ደግሞ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የኢሚግሬሽን ወረቀት ሳይጠይቁ የሚሸፍኑበት ፕሮግራም አላቸው።

ወላጆችን ያስመጣ ሰው የስፖንሰርነት ወረቀት ፈርሟል። አምስት ዓመቱ አልፎ ወላጅ ሲያመለክቱ ስቴቱ የስፖንሰሩን ገቢ እንደ ወላጁ ገቢ ሊቆጥረው ይችላል። ይህ የሚቆመው ወላጅ ዜጋ ሲሆኑ ወይም 40 ሩብ ዓመት ሥራ ሲቆጠርላቸው ነው። ዜግነት ለአረጋውያን የፓስፖርት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

«ሜዲኬይድ ከወሰድኩ ግሪን ካርዴ ይበላሻል?» የሚለው ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ ከልኩ ያልፋል። «በመንግሥት ላይ ሸክም» የሚባለው ምርመራ ረፊውጂና አሳይሊን አይመለከትም፤ ለዜግነት ማመልከቻም አይጠየቅም። የ2022 ደንብ ከሜዲኬይድ ውስጥ የሚቆጥረው መንግሥት የሚከፍለውን የረዥም ጊዜ የተቋም እንክብካቤ ብቻ ነበር። በኖቬምበር 2025 ግን የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይህን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ራሱ የግሪን ካርድ ማመልከቻ የሚጠብቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር አይጎዳም። ዜጋ ለሆነ ልጅ ማመልከት ግን የወላጁን ወረቀት አያስጠይቅም፤ ወላጅ ለራሱ እስካላመለከተ ድረስ የራሱን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲጽፍ አይገደድም።

ወደ አረጋውያን ልመለስ። 65 ዓመት ለሞላውና ለአካል ጉዳተኛ ሌላ ሚዛን ይመጣል። ገቢ ብቻ ሳይሆን ንብረትም ይታያል፤ በብዙ ስቴቶች ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ነው። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠሩም፤ ባንክ ያለ ገንዘብ ግን ይቆጠራል። እቁብ የደረሳቸው እናት ገንዘቡን ባንክ አስገብተው ወሩ ከተለወጠ ንብረት ሆነ ማለት ነው። ሀገር ቤት ያለ ቤትና መሬትም መጠየቁ አይቀርም፤ መደበቅ ኋላ ከባድ ነገር ያመጣል። የአረጋውያን መንከባከቢያ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ያለፈው 60 ወር ይመረመራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤቱን በልጁ ስም ያዞረ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ሊከለከል ይችላል። ገቢያቸው ትንሽ ለሆነ የሜዲኬር ተጠቃሚዎችም ብዙ ሰው የማያውቀው እርዳታ አለ፤ ስቴቱ በ2025 በወር 185 ዶላር የነበረውን የሜዲኬር ክፍል ሁለት ክፍያ ይከፍልላቸዋል። የገቢ ጣሪያው ስላለፈ የተከለከለ ግን ትልቅ የሕክምና ዕዳ ያለበት ሰውም ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ጨምሮ በአንዳንድ ስቴቶች ዕዳው ከገቢው ተቀንሶለት ሊገባ ይችላል።

ያው የ2025 ሕግ ለጎልማሶችም ሥራን መስፈርት አድርጓል። እስከ 138 በመቶ በሚለው ምድብ የገቡ፣ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎች ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት ሥራ፣ ትምህርት ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማሳየት አለባቸው። በወር 580 ዶላር ማግኘትም ይበቃል፤ የፌደራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ 7.25 በ80 ሰዓት ሲባዛ ነው። 13 ዓመትና ከዚያ በታች ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ነፃ ናቸው። ሾፌሩ፣ የቀን ተንከባካቢዋ፣ ፓርኪንግ የሚሠራው ሰዓቱን በቀላሉ ይሞላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ አይደለም፤ ማስረጃው ነው። በዚያ ላይ ለዚህ ምድብ እድሳቱ በዓመት አንዴ መሆኑ ቀርቶ ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ በየስድስት ወሩ ይሆናል።

የማስረጃ ነገር ምን እንደሚያደርግ አይተነዋል። በወረርሽኙ ጊዜ ማንም እንዳይቆረጥ ታግዶ ነበር። እገዳው በማርች 2023 መጨረሻ ሲነሣ በቀጣዩ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከ25 ሚሊዮን ሰው በላይ ከሜዲኬይድ ወጣ። ከነዚያ አብዛኞቹ የተቆረጡት ገቢያቸው በልጦ አልነበረም፤ ፎርሙ ስላልተመለሰ፣ አድራሻ ስለተቀየረ፣ ደብዳቤው ስላልተከፈተ ነው። ቤት የቀየረ ሰው ለፖስታ ቤቱ ከመንገሩ በፊት ለሜዲኬይድ ቢሮው ይንገር። ሕፃኑ ሐኪም ቤት ተወስዶ «ካርዱ አይሠራም» ሲባል ነው ብዙ ወላጅ መቆረጡን የሚያውቀው።

መቆረጥ ቢመጣም ነገሩ እዚያ አያልቅም። መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ደብዳቤው ላይ ምክንያቱና ይግባኝ የሚባልበት ቀን ተጽፏል። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ይግባኝ ካሉ ውሳኔው እስኪሰጥ ሽፋኑ ሊቀጥል ይችላል፤ ከተሸነፉ ግን የተከፈለውን ሊጠይቁዎት እንደሚችሉ ይወቁ። አዲስ ማመልከቻ ደግሞ በ45 ቀን፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። የቆየ የሐኪም ቤት ቢል ካለም ሲያመለክቱ ይናገሩ፤ ከማመልከቻው በፊት ያሉት ሦስት ወራት በያኔው ገቢዎ የሚያሟሉ ከሆነ ወደኋላ ተመልሶ ሊከፈል ይችላል። ከ2027 ጀምሮ ሦስቱ ወር ለጎልማሳው ምድብ ወደ አንድ፣ ለሌላው ወደ ሁለት ይወርዳል።

ስልክ ሲደውሉ እንግሊዝኛው ከከበደዎ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አያስቀሩ። አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው፤ «አምሃሪክ» ብለው መጠበቅ ብቻ ነው። መስመሩ ላይ ዘፈኑ ሲረዝም ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። አይዝጉት፤ አስተርጓሚው ሲገባ የኬዝ ቁጥርዎን፣ ያነጋገርዎትን ሰው ስምና ሰዓቱን በዚያው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ይጻፉት።